አፉን የዘጋሁት መኪና

ጋራዥ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ዕቃ መዶሻ አልነበረም። ቁራጭ ጨርቅ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ተክሌ ከጣሊያኖች ሙያ የተማርኩ የመጨረሻው የናዝሬት ባቲላሜራ፣ ማለትም የተጋጨ መኪና ቀጥቅጦ የሚያቃና ሰው፣ ነኝ ይሉ ነበር። አንድ የተጎዳ ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ ያለውን የመኪና ቆርቆሮ፣ አሳይተውኝ «በዚህ ጨርቅ እየው» አሉኝና ሄዱ። እኔም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ፊቴ እስኪታይበት ወለወልኩት።

ተመልሰው ሲመጡ ቆመው አዩኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያጸዳሁ ነው ጋሼ።»

«ማን አጽዳ አለህ? ጨርቁን ከመዳፍህ ሥር አድርግና ዓይንህን ጨፍነህ ዳስሰው። ባቲላሜራ ጉድጓዱንና ጉብታውን የሚያየው በእጁ ነው። ዓይን ይዋሻል።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሠላሳ ምናምን ዓመት አዳማ ውስጥ የተጋጨ መኪና ስቀጠቅጥ ኖርኩ። መጀመሪያ ረዳት ሆኜ የብርጭቆ ወረቀት ሳሻሽ፣ ቀጥሎ ጉድጓድ የሚሞላውን ስቱኮ ስለቀልቅ፣ ከዚያ ብየዳ ተምሬ አንደኛ ደረጃ ባቲላሜራ ተባልኩ። ጋሽ ተክሌ ሲያርፉ መዶሻዎቻቸው ለእኔ ደረሱኝ። ምክራቸውም ደርሶኝ ነበር፤ እሱን ግን የት እንዳስቀመጥኩት ለብዙ ዓመት ጠፍቶብኝ ነበር። አሁን ቀኝ ትከሻዬ መዶሻ አልይዝም ስላለኝ ቤት ውያለሁ። ለሙያ ጓደኞቼና ከኋላ ለሚመጡት የምጽፈው ከሠራሁት ሁሉ ስለሚበልጠው ስህተቴ ነው። ለመሳቅ አትፈሩ፤ መቂ ከነልጅ ልጆቿ ስቃብኛለች።

የጀርመን መኪና በሽታ የያዘኝ አንደኛ ደረጃ በሆንኩ በዓመቱ ነው። አንድ የሆቴል ባለቤት ኮፈኑ ላይ ኮከብ የቆመበት ጥቁር አውቶሞቢል አስጎትቶ መጣ። ወለንጪቲ አካባቢ ግመል ገጭቶ ነበር። ኮፈኑን አቃንቼ ስጨርስ ጨርቄን አድርጌ ዳሰስኩት። መስመሩ ከመብራቱ ተነስቶ እስከ ኋላ ድረስ አንድም ቦታ ሳይሰበር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሥራ ነክቼ አላውቅም ነበር። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት «ኮፈን ስትዳብስ ውለህ ነው ፊትህ እንዲህ የበራው?» አለችኝ።

የጋራዣችን ሞተር ሠሪ ሐሰን ግን የሌላው የጀርመን ፋብሪካ፣ የባለ ሰማያዊና ነጩ ምልክት ደጋፊ ነበር። ደጋፊ ስል እንደ ኳስ ደጋፊ ማለቴ ነው። ሁለታችንም ከሁለቱ አንዱንም ገዝተን አናውቅም። እኔ በባጃጅ እሄዳለሁ፣ እሱ በብስክሌት። ነገር ግን በየዓመቱ ጥር ላይ ፋብሪካዎቹ ባለፈው ዓመት ስንት መኪና እንደ ሸጡ የሚናገረው ዜና ሲወጣ ጋራዡ የዋንጫ ጨዋታ ያለበት ይመስላል። ድሮ ወሬውን የምናገኘው ደንበኞች መኪናቸው ውስጥ ከሚረሱት መጽሔት ነበር፤ ኋላ ስልክ መጣልን። የተበለጠው ሰው የበላጩን ቱታ ለአንድ ሳምንት ያጥባል። የሞተር ሠሪ ቱታ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ቅጣቱ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳልኛል።

ፋብሪካዬ የበለጠ ዓመት እኔ ራሴ የሸጥኩት ይመስል ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። የተበለጥኩ ዓመት ደግሞ «ቁም ነገሩ ብዛቱ አይደለም፣ ክብሩ ነው» እላለሁ። ሐሰንም በተራው ይህችኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመልስልኛል። ጀርመን አገር ያለ አንድም ሰው ሽፈራውና ሐሰን ለእሱ ብለው አዳማ ላይ እንደሚኳረፉ ሳያውቅ ሃያ ዓመት አለፈ።

ከዚያ የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን መጣ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲቀር መንገዳችን በትናንሽ የቻይና ኤሌክትሪኮች ተሞላ። ድምፅ የላቸውም፤ ከኋላ መጥተው ነው የሚያስደነግጡህ። የሐሰን ሥራ ቀነሰ፤ ዘይት የማይቀየርለት መኪና ምን ይደረጋል? የእኔ ግን አልቀነሰም። መኪና በምንም ይሂድ በምን መጋጨቱን አልተወም።

የእኔም ፋብሪካ የቅንጦት ኤሌክትሪክ ሠርቶ ነበር። ምስሉን በስልክ ሳየው አገልግሎ የሟሸሸ ሳሙና መሰለኝ። ይህን ለሐሰን ከምናገር ግን ቱታውን አሥር ዓመት ባጥብ ይሻለኝ ነበር። «የወደፊቱ መልክ ነው፤ አንተ አይገባህም» አልኩት። ስለዚህ ፋብሪካው ሌላ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እያዘጋጀ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ከማንም በላይ የተገላገልኩት እኔ ነኝ።

ምስሉ ግን ጉድ ነበር። መኪናው ገና በሙከራ ላይ ስለሆነ ተቀናቃኞች ቅርጹን እንዳያዩ ከአፍንጫ እስከ ጭራ በጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ተለጣፊ ሸፍነውታል። የቀለም ቤቱ ሰው ዘነበ አይቶ «የወደፊቱ ቀለም ይሄ ከሆነ እኔ ፍየል ላረባ ነው» አለ። እኔ ግን ባቲላሜራ ነኝ። ምስሉን በሁለት ጣቴ እያሰፋሁ ከተለጣፊው ሥር ያለውን ቅርጽ አየሁት። ከፊት ምንም ክፍተት የለውም፤ አፉ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ነው አልኩ። ያየሁት በዓይኔ ነበር። ስልክ በጨርቅ አይዳሰስም።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ድሪባ ከመቂ መጣ። ድሪባ የሽንኩርትና የቲማቲም ደላላ ነው። ዕድሜያችን ስለሚቀራረብ አንተ እንባባላለን። ባለ ኮከብ አሮጌ አውቶሞቢል አለው፤ ሦስት ጊዜ በእጄ አልፏል፤ ከአንድ ልጁ ከለሊሴም በዕድሜ ይበልጣል።

«አከም ጂርታ ሽፈራው?»

«ፈያ፣ ገለቶሚ። ዛሬ ደግሞ ማንን ገጨህ?»

አልሳቀም። ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ለሊሴ በጥር ታገባለች። ትንሽ እያለች ‹በአዲስ መኪና ነው የምድርሽ› ብያት ነበር። እሷ ረስታው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁም። ዘንድሮ ደግሞ ሽንኩርቱ ወደቀ። የወንዱ ወገኖች ‹ነጭ መኪና ተከራይተን እንምጣ› አሉ። ሽፈራው፣ እኔ ልጄን በኪራይ መኪና ከቤቴ አላስወጣም። ይሄን አሮጌ ቀለም ቀብተህ ሰው አስመስልልኝ።»

ቀለም ብቻ ነበር የጠየቀው። ይህን ልብ በሉልኝ። ስልኬን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

«ይሄን አደርግልሃለሁ» አልኩት።

ድሪባ ዝንጉርጉሩን መኪና እያገላበጠ አየው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ገና ያልወጣው ኤሌክትሪክ ነው። የአንተው ፋብሪካ ነው።»

«ያልወጣ ከሆነ ማን ያውቀዋል?»

«ማንም አያውቀውም። ለዚህ እኮ ነው ማንም ስህተት የማያገኝብን!»

ይህን ስናገር በጣም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ድሪባም እንደ ሕፃን ፊቱ ፈካ። «የሙሽራው ወገን ከጠየቀስ?» ሲለኝ «ገና አገር ውስጥ ያልገባ ኤሌክትሪክ ነው በል» ብዬ ውሸቱንም አብሬ ሠርቼ ሰጠሁት።

አርባ ቀን ፈጀብኝ። የፊቱን ፍርግርግ ነቅዬ በካርቶን ልኩን ወሰድኩ። ላሜራ ቆረጥኩ፤ አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አድርጌ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልኩ አጎበጥኩት። ሙቀት እንዳያጣምመው ከቀኝ አንድ ነጥብ፣ ከግራ አንድ ነጥብ እያልኩ በየድኩ። ሞረድኩ፣ ስቱኮ ቀባሁ፣ በሻካራው ጀምሬ በልስልሱ የብርጭቆ ወረቀት ጨረስኩ። የታችኛውንም ክፍተት ዘጋሁት። ዘነበ ብርማ ቀለም ነፋበት። ጨርቄን አድርጌ ስዳስሰው አንድም ጉብታ አልነበረውም። ያን አፍ የዘጋሁትን ያህል አሳምሬ የሠራሁት ሥራ የለም፤ ይህን ስናገር አሁንም ትንሽ ኩራት ይሰማኛል፤ አያሳፍርም?

ድምፁ እንዳያጋልጠን ሐሰንን ተጨማሪ ማርሚታ ግጠምልኝ አልኩት፤ የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን ማለቴ ነው። ከሥር ገብቶ ገጠመና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከፊት ዞሮ ቆመ።

«ሽፌ፣ ይሄ ነገር በምን ይተነፍሳል?»

«ኤሌክትሪክ መኪና አይተነፍስም።»

«ይሄ እኮ ኤሌክትሪክ አይደለም። ከኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር ቤንዚን ነው የሚጠጣው። ራዲያተሩ ነፋስ ካላገኘ ይፈላል። ደግሞ ከመቂ ነው የሚመጣው። በጥር፣ በቀትር፣ በሙሽራ አነዳድ።»

እውነቱን ነበር። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ለኖረ ሰው ይህ ሊነገረው የሚገባ ነገር እንኳን አልነበረም። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። የሌላ ፋብሪካ ደጋፊ ሲናገር ነው የሰማሁት።

«ገባኝ» አልኩት፤ «ዘንድሮ ቁጥሩ እንደሚከዳህ አውቀሃል። የናንተ መኪና ፊቱ ላይ ሁለት አፍንጫ ስለ ተቀደደለት አፍንጫ የሌለው ሁሉ የሚታፈን ይመስልሃል።»

«ይሄ የቁጥር ነገር አይደለም ሽፌ።»

«ሁሌም የቁጥር ነገር ነው። ቅናት ነው!»

ዘነበና ሌሎቹም ሳቁ። ሐሰን ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታችን በአገጭ ብቻ ሆነ። ምክሩን ፈጽሞ ናቀ እንዳልባል ከታች ሦስት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ከፈትኩ። መኪናውንም ፈተንኩት። የፈተንኩት ግን ገና ፀሐይ ሳይወጣ፣ በብርዱ፣ ሞጆ ደርሶ መልስ ነው። የሙቀቱ መርፌ ንቅንቅ አላለም። የፈለግኩትን መልስ የሚሰጠኝን ሰዓት መርጬ ነው የጠየቅኩት።

የሠርጉ ዕለት መቂ ላይ ድሪባ ግቢ ሰው ሞልቷል። መኪናው አበባ ተደርጎለት መሐል ቆሟል። ድሪባ ቁልፉን በሰው ፊት ሰጠኝ። «ንዳው፤ ቋንቋውን የምታውቀው አንተ ነህ» አለኝ። የሙሽራው አጎት አቶ መኮንን፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር፣ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ይሄ ምን ዓይነት ነው ኦቦ ድሪባ?»

«ገና አገር ውስጥ ያልገባ ኤሌክትሪክ ነው» አለ ድሪባ።

«ታዲያ እንዴት ገባ?»

ድሪባ እኔን አየኝ። እኔ አበባውን ማስተካከል ጀመርኩ።

ለሊሴ ስትወጣ እናቶች እልል አሉ። እሷና ሙሽራው ዮናስ ከኋላ ተቀመጡ። ለሊሴ በሩ ሲከፈት ለአፍታ ቆም ብላ ወደ አባቷ ዞራ ፈገግ አለች። በመኪናው ማማር የተደሰተች መስሎኝ ኮራሁ። የጋራዡ ሰዎች ስለተጠራን ሐሰንና ዘነበ በመጨረሻው ፒክአፕ ላይ ነበሩ። ሐሰን ከሸራ ሥር የሆነ ነገር ሲያስተካክል አየሁት፤ አገጬን አነሳሁለት፤ እሱም አነሳልኝ።

ሰው ሁሉ ያየን ዘንድ በአሮጌው መንገድ ሄድን። ከፊታችን ቪዲዮ ቀራጩ ፒክአፕ ላይ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ቆሟል። በቀረፀን ቁጥር ቀስ በሉ ይላል። ክላክስ እየነፋን በእግረኛ ፍጥነት ተጓዝን። ዓለም ጤና ሳንደርስ መርፌው ግማሹን አለፈ። ዓለም ጤናን ስናልፍ ቀዩን ነካ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ካሜራው ግን እያየኝ ነው፤ ከኋላ ሃያ መኪና ይከተለኛል፤ ድሪባ ከነዘመዶቹ ከጀርባዬ ባለው መኪና ውስጥ ነው። ስለዚህ ማንኛውም አሮጌ ሾፌር የሚያውቀውን ዘዴ ተጠቀምኩ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ማሞቂያ ሲከፈት የሞተሩን ሙቀት ስቦ ወደ ሰዎቹ ይነፋል፤ ሞተሩ ጥቂት ይቀዘቅዛል። ሰዎቹ ግን ሙሽሮች ነበሩ። እሱ በሱፍ ልብስ፣ እሷ በቬሎ፣ በጥር ቀትር፣ በቆቃ ሜዳ።

«ጋሼ» አለች ለሊሴ ከጥቂት በኋላ፣ «ማሞቂያ ነው እንዴ የከፈቱት?»

«አይ ልጄ፣ ቴክኖሎጂው ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ሰውነትን ያፍታታል።»

በመስታወት አየኋቸው። የዮናስ አንገትጌ በላብ ርሷል። ለሊሴ መሐረቧን ለእሱ ሰጥታ በእጇ ራሷን ታራግባለች። እኔ መሪውን ይዤ «ድልድዩ ድረስ ብቻ» እያልኩ እጸልያለሁ።

የቆቃ ድልድይ ከመድረሳችን በፊት ፏ አለ። ከኮፈኑ ዙሪያ ነጭ እንፋሎት ወጣና የፊቱን መስታወት ጋረደው። ዳር ይዤ ቆምኩ። ሰልፉ ሁሉ ቆመ። ቪዲዮ ቀራጩ ከፒክአፑ ወርዶ እየሮጠ መጣ፤ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ከመንገዱ ዳር ቲማቲም የሚሸጡት ሰዎችም ተሰበሰቡ። አቶ መኮንን ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ መጥተው እንፋሎቱን በጥሞና አዩት።

«ኦቦ ድሪባ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ይሄ ኤሌክትሪክ ሻይ ያፈላል እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ድሪባ ካባውን እንደ ለበሰ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ሠላሳ ዓመት በገበያ ላይ ሲጮህ የማውቀው ሰው እንዲህ አንሶ አይቼው አላውቅም። ሙሉ ዕድሜውን በቃሉ ታምኖ የኖረ ደላላ ነው፤ ልጁን በሚሰጥበት ቀን፣ በሚዛመዳቸው ሰዎች ፊት ውሸታም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

«ኤሌክትሪክ አይደለም» አልኩ ጮክ ብዬ። «አሮጌ የቤንዚን መኪና ነው። ኦቦ ድሪባ ቀለም ቅባልኝ ነው ያለኝ። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ኤሌክትሪክ ነው በል ያልኩትም እኔ ነኝ። ሞያ አለኝ ብዬ ነው።»

ከሰልፉ መሐል አንዲት ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ፊት መጣች። የሙሽራው ጓደኛ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሙሽሮቹ ወደዚህ ይግቡ፤ ቀዝቃዛ ነው» አለ። እኔና ሐሰን በየጥሩ ስንጨቃጨቅበት በኖርነው ዝርዝር ላይ የዚያች መኪና ስም ኖሮ አያውቅም።

ለሊሴ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች። የሄደችው ግን ወደ አባቷ ነው።

«አባዬ፣ መኪናችንን የማላውቀው መስሎህ ነው?»

ድሪባ ቀና አለ።

«በሩ ሲከፈት ገና ሽንኩርቱ ሸተተኝ። ከፊተኛው ወንበር ጀርባ በስክሪብቶ የጻፍኩት ስሜም አለ። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ፣ ትምህርት ቤት ስታመላልሰኝ።»

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ደስ ብሎህ ነበራ።» ከዚያ ወደ ትንሿ መኪና ዞራ «እናመሰግናለን፤ እኔ በዚሁ ነው የምሄደው። እስኪበርድ እጠብቃለሁ» አለች።

ድሪባ ዓይኑን በካባው ጠርዝ ጠረገ። እኔ መኪናውን ዞሬ ከወዲያ በኩል ሄድኩ፤ ልቅሶዬን ለቪዲዮ ቀራጩ አልሰጠውም ብዬ። አርባ ቀን የደከምኩት ልጅቷ የምትወደውን ፊት ለመሸፈን ነበር።

ዞር ስል ሐሰን ቆሟል። በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዟል። በብብቱ ሥር የላሜራ መቀስና መሮ አለ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከአዳማ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ነበር» አለ።

ኮቴን አውልቄ ለዘነበ ሰጠሁና መሮውን ተቀበልኩ። ሐሰን ውሃውን ወዲያው አልጨመረም። «አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ካየ የሞተሩ አናት ይሰነጠቃል» ብሎ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። እኔ በዚያ ጊዜ የራሴን ሥራ ማፍረስ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን መሮ ስመታ ስቱኮው እንደ እንቁላል ቅርፊት ረገፈ። አቶ መኮንን ባርኔጣቸውን አውልቀው የላሜራውን ጫፍ በመሐረብ ይዘው ሳቡልኝ፤ እየሳቡም ሙቀት ከብረት ወደ አየር እንዴት እንደሚሄድ አስረዱኝ። አዳመጥኳቸው። ያን ዕለት ማንም ቢመክረኝ እሰማ ነበር።

እናቶቹ ቆመን ከምንጠብቅ ብለው ከበሮ አወጡ። ቲማቲም ሻጮቹም ገቡበት። አስፋልቱ ዳር ተጨፈረ። የመኪናው አፍ ሲከፈት ጠርዙ የተተለተለ አስቀያሚ ጉድጓድ ሆነ። ለሊሴ ከእቅፍ አበባዋ ላይ ነጩን ሪባን ፈታ ከግራ ቀኝ ወጠረችበት። «ጥርስ አወጣ!» አለ ዮናስ። ሐሰን ውሃውን ቀስ እያለ ሞላ፤ ሞተሩን አስነሳሁ፤ መርፌው ወረደ። ማሞቂያውን አጠፋሁ።

አዳማ የገባነው በጣም ዘግይተን ነው። አዳራሹ በር ላይ አቶ መኮንን ድሪባን በክንዱ ይዘው አስገቡት። «ለልጁ ሲል ብረት ከሚያስቀጠቅጥ ሰው ጋር ነው የተዛመድነው» ሲሉ ሰማሁ። ድሪባ ያን ጊዜ ሳቀ።

ቪዲዮው መቂን አዳረሳት። እኔ ከነከረባቴ ተንበርክኬ መኪና ስቆርጥ የሚታይበት ቦታ በየቤቱ እየተመለሰ ይታያል ይላሉ። ስሜም ሽፈራው መሆኑ ቀርቶ «ዝጋው» ሆነ። ድሪባ መኪናውን እንደገና እንዳልሠራው ከለከለኝ፤ እስከ ዛሬ በዚያ በተተለተለ አፉ መቂ ውስጥ ሽንኩርት ሊያይ ይሄድበታል። ተለጣፊው የተነሳለት የእውነተኛው አዲስ መኪና ምስልም ኋላ ስልኬ ላይ መጣ። ከፊቱ ትልቅ፣ ዙሪያው በመብራት የተከበበ አፍ ነበረው። መሐንዲሶቹ ለኤሌክትሪክ መኪና አፍ ሲሠሩ እኔ የቤንዚኑን ደፍኜ ነበር።

ከሠርጉ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከሁሉም ቀድሜ ጋራዥ ገባሁ። የዓመቱ የሽያጭ ቁጥር በዚያው ሰሞን ወጥቶ እንደነበር ሰምቻለሁ። ስልኬን አልከፈትኩም። የሐሰንን ቱታ ከተሰቀለበት አውርጄ በሳፋ ውሃ ነከርኩት። ሐሰን ብስክሌቱን እየገፋ ሲገባ እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሯል።

«ቁጥሩን አየኸው?» አለኝ።

«አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን ታጥባለህ?»

«ዝም ብለህ ሳሙና አቀብለኝ» አልኩት።

አቀበለኝ። የዚያን ዓመት የትኛው ፋብሪካ እንደ በለጠ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሱም አልነገረኝም።

ከሥራ ዘመኔ የተረፈኝ ትምህርት ይህ ነው። ሞተር ያለው መኪና አየር ይፈልጋል። ላሜራ ከመቁረጣችሁ በፊት ሞተሩን የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ፤ የየትም ፋብሪካ ደጋፊ ቢሆን። ደንበኛው ቀለም ብቻ ከጠየቀ ቀለም ብቻ ቅቡለት።